የሴቶቹ ስምንት መቶ ሜትር

ከብዙ ዓመታት በፊት በገዛ እጄ የጻፍኩት አንድ ቃለ ጉባኤ አለ። ሁለት ገጽ የማይሞላ፣ በሰማያዊ ቀለም በንጹሕ እጅ ጽሑፍ የሰፈረ፣ ስድስት ፊርማ ያረፈበት ወረቀት ነው። ወረቀቱ ከዚያ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ወጥቶ አያውቅም፤ ቃሉ ግን ከእኔ ጋር ከከተማ ከተማ ሲዞር ኖሯል። «ከሁለት መቶ ሜትር በላይ ያለው የሩጫ ውድድር ከሴት ተማሪዎች አካላዊ ተፈጥሮ ጋር የማይጣጣም ሆኖ ስለተገኘ፣ ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ከመርሐ ግብሩ እንዲሰረዝ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል» ይላል። አንባቢ «ሆኖ ስለተገኘ» የምትለዋን ሐረግ ልብ ይበልልኝ። ማን ፈልጎ አገኘው? በምን ሚዛን ተመዘነ? ይህን የጠየቀኝ አልነበረም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅኩም።

ነገሩ የሆነው በ1973 ዓ.ም. በወርኃ መጋቢት ነው። በሰሜን ሸዋ በአንዲት ደጋ ከተማ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበርኩ። ባለፈው ክረምት ምሩጽ ይፍጠር ከሞስኮ ኦሊምፒክ በአምስት ሺህና በዐሥር ሺህ ሜትር ሁለት የወርቅ ሜዳልያ ይዞ ስለተመለሰ፣ በዚያ ዓመት በአገሩ የማይሮጥ ልጅ አልነበረም። ከብት የሚጠብቀው ሁሉ በየመስኩ ማርሽ ሲቀይር ይውላል። በዚያው በሞስኮ ኢትዮጵያውያት ሯጮችም ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ተሰልፈው ነበር። ሜዳልያ ስላላመጡ ወሬያቸው ደብዛው ጠፋ እንጂ እኔ በሬዲዮ ሰምቼ ልብ ብዬው ነበር። ስለዚህም በትምህርት ቤታችን ዓመታዊ ውድድር ላይ የሴቶችን ስምንት መቶ ሜትር ያስገባሁት ሌላ ማንም ሳይሆን እኔው ነኝ። ይህን የምናገረው ለራሴ ምስጋና ለመፈለግ አይደለም፤ ያስገባውና ያስወጣው አንድ እጅ መሆኑ እንዲታወቅ ነው።

ሜዳው ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ሣር ነበር። ኖራ ስላልተገኘ መስመሩን ያሰመርነው በአመድ ነው። አንድ ዙር ሁለት መቶ ሜትር ስለሚሆን ሴቶቹ አራት ጊዜ መዞር ነበረባቸው። ሰባት ሆነው ተሰለፉ። ከሰባቱ መካከል አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ከከተማው አንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ርቃ የምትኖር ልጅ። የወንድሟን ቁምጣ ሱሪ ከቀሚሷ ሥር ለብሳ፣ ሻሿን በወገቧ ታጥቃ፣ በባዶ እግሯ ቆመች። ያን ቀን ጧት በዶሮ ጩኸት ተነሥታ ሁለት ጊዜ ውኃ ቀድታ ወደ ትምህርት ቤት እንደመጣች ያወቅኩት በኋላ ነው። ወሩ ሁዳዴ ነበር፤ ከሌሊቱ ጀምሮ እህል ውኃ በአፏ አልዞረም። ውድድሩ የተጀመረው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው።

በሁለተኛው ዙር ከኋላ ሁለተኛ ነበረች። በሦስተኛው ዙር፣ ሽቅብ በሚያስኬደው ወገን፣ አንድ በአንድ ማለፍ ጀመረች። አሯሯጧ ያማረ አልነበረም፤ ክንዶቿ ወዲያና ወዲህ ይወናጨፉ ነበር። ነገር ግን ቁልቁለቱን ከማንም በፊት ጨርሳ፣ በሁለት ልጆች የተያዘውን ክር በደረቷ በጠሰች፤ ሦስት አራት እርምጃ ተራመደችና ጉልበቷ ከዳት። በጎኗ ሣሩ ላይ ተዘረረች።

የሆነውን ጩኸት ዛሬም እሰማዋለሁ። ከሜዳው ዳር ቆመው ያዩ የነበሩ እናቶች «ኧረ የሰው ልጅ ሞተች!» እያሉ ነጠላቸውን እየጎተቱ ገቡ። አንዱ መምህር ውኃ በጣሳ ይዞ ደረሰ፤ እርሷ ግን አፏን ግጥም አድርጋ ዘጋች። «ጾም ነኝ» አለች፤ ይህን የሰማሁት እኔና ውኃውን ያመጣው መምህር ብቻ ነን። እስከ መቶ ለመቁጠር በማይበቃ ጊዜ ውስጥ ተነሥታ ተቀመጠች፤ የወደቀ ሻሿን መፈለግ ጀመረች። ነገር ግን ስትወድቅ ያየው ሕዝብ ስትነሣ አላያትም፤ ዓይኑ ቀድሞ ተሞልቶ ነበር።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ የወንዶቹ አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ተካሄደ። ያሸነፈው ልጅ መስመሩን እንዳለፈ በግንባሩ ተደፋ፤ ሣሩም ላይ አስመለሰው። ጓደኞቹ እየጨፈሩ በትከሻቸው ተሸከሙት። «ምሩጽ! ምሩጽ!» ተባለለት። ሰዓቱም፣ አራት ደቂቃ ከሠላሳ ስምንት ሰከንድ፣ በድምፅ ማጉያ ተነገረለት። ለእርሱ የጮኸች እናት፣ ውኃ ይዞ የሮጠ መምህር አልነበረም።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ የስፖርት ኮሚቴው ተሰበሰበ። የተሰበሰብንበት ክፍል ግድግዳ ላይ የካቲት 29 ቀን ለተከበረው የሴቶች ቀን የተሰቀለው ቀይ ጨርቅ ገና አልወረደም። የሴቶች እኩልነት በተግባር ይረጋገጣል የሚል ነጭ ጽሑፍ ነበረበት። እጅ ጽሑፌ ያምር ስለነበር የትምህርት ቤቱ መፈክር ሁሉ የሚጻፈው በእኔ ብሩሽ ነው፤ ያንንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። እንግዲህ ከዚያ ጨርቅ ሥር ተቀምጠን «ሴት ወደ ማጀት፣ ወንድ ወደ ችሎት» የሚለውን የአባቶቻችንን ብሂል፣ ቃሉን ሳንጠራ፣ በሌላ ቋንቋ አጸደቅነው።

ለማንም ፍርድ እንዳይጎድል፣ ከቀረቡት ሐሳቦች አንዱ የዋዛ አልነበረም። ከእኛ በዕድሜ የገፋ አንድ መምህር «ወላጆች ልጆቻቸውን ከትምህርት ያስቀሩብናል» አለ። እውነቱን ነው። በዚያ ዘመን ከገጠር መጥታ ስምንተኛ ክፍል የደረሰች ልጅ ስንት ዓይነት መሰናክል አልፋ እንደመጣች በሥራው ላይ የነበረ ሁሉ ያውቀዋል፤ ለአንድ ሩጫ ሲባል እርሷን ማጣት ያስፈራ ነበር። ዛሬም ይህን ክርክር አልንቀውም። የእኔ ጥፋት ያንን ፍርሃት በስሙ አለመጥራቴ ነው። የሰፈሩን ጩኸት፣ የወላጁን ስጋት፣ የኮሚቴውን ድካም ሁሉ አንድ ላይ አድርጌ «የሴት ተፈጥሮ» ብዬ ተረጎምኩት። ፍርሃት ሊለወጥ ይችላል፤ ተፈጥሮ ተብሎ በማኅተም የጸደቀ ነገር ግን ማን ደፍሮ ይነካዋል?

በኮሚቴው ውስጥ አንዲት ሴት ነበረች፤ የቤት ውስጥ ሙያ የምታስተምር። ከስብሰባው መጀመሪያ አንሥቶ ምንም አልተናገረችም። ሊያልቅ ሲል ግን አንገቷን ቀና አድርጋ «ወንዱም እኮ ወድቋል። ስለ እርሱ ምን ተጻፈ?» ብላ ጠየቀች። ሳቅ ሆነ። እኔም ሳቅኩ። ጥያቄዋን በቃለ ጉባኤው አላሰፈርኩትም፤ «በሙሉ ድምፅ» የሚለውንም አልሰረዝኩም። በሚቀጥለው ዓመት ሴቶቹ እንቁላል በማንኪያ ይዘው ሮጡ።

ከዚያ ወዲህ ሃያ አምስት ዓመት ያህል አለፈ። አንድ ቀን አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ቤት ተጋብዤ ሳለ፣ የሩጫ ነገር እንደምወድ ያውቃልና፣ በኮምፒዩተሩ ላይ አንድ አሮጌ ፊልም አሳየኝ። ድምፅ የሌለው፣ ጥቁርና ነጭ፣ ሰዎቹ እንደ አሻንጉሊት ፈጥነው የሚንቀሳቀሱበት ፊልም ነው። ቦታው አምስተርዳም፣ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1928 ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ ኦሊምፒክ ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ በአትሌቲክስ እንዲወዳደሩ ተፈቅዶላቸው ነበር፤ ያውም በአምስት ዓይነት ውድድር ብቻ፦ በመቶ ሜትር፣ በስምንት መቶ ሜትር፣ በመቶ ሜትር ዱላ ቅብብል፣ በከፍታ ዝላይና በዲስከስ ውርወራ። ነሐሴ 2 ቀን የስምንት መቶ ሜትሩ ፍጻሜ ተካሄደ። ዘጠኝ ሴቶች ተነሡ፤ ዘጠኙም ጨረሱ። ጀርመናዊቷ ሊና ራድከ በ2 ደቂቃ ከ16.8 ሰከንድ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰብራ አንደኛ ወጣች። ሁለተኛዋ ጃፓናዊቷ ኪኑዬ ሂቶሚ ነበረች፤ በመቶ ሜትር ተሸንፋ ባዶ እጇን ወደ አገሯ ላለመመለስ ባልለመደችው ርቀት ገብታ የሮጠች ጀግና ናት። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በዚያው በነሐሴ 2 ቀን፣ በሃያ አራት ዓመቷ በሳንባ ሕመም ሞተች።

በፊልሙ ላይ የሚታየው ይህ ነው፦ ሴቶቹ ይገባሉ፤ ይተነፍሳሉ፤ አንዷ ትወድቃለች፤ ትነሣለች። በቃ። በየጋዜጣው የተጻፈው ግን ሌላ ነው። አንድ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ዐሥራ አንድ ሴቶች እንደተነሡ፣ አምስቱ እንዳቋረጡ፣ የቀሩትም እንደ ቅጠል እንደረገፉ አድርጎ ጻፈ። ያልነበሩ ሴቶች ያልወደቁትን ውድቀት ወደቁ ማለት ነው። ሌሎችም ተከተሉት፤ ሐኪሞች ለሴት ልጅ ማሕፀን ተጨነቁ፤ ርቀቱም ከኦሊምፒክ ተሰረዘ። ከዚያ ወዲያ ለሠላሳ ሁለት ዓመታት በኦሊምፒክ ሜዳ ሴት ልጅ በግሏ ከሁለት መቶ ሜትር በላይ አልሮጠችም።

ከሁለት መቶ ሜትር በላይ! ተማሪዬ ይህን ሲነግረኝ የያዝኩት ሻይ ቀዘቀዘብኝ። ቁጥሩን ከየት እንዳመጣሁት ያኔ ገባኝ። በመምህራን ማሠልጠኛ ሳለሁ በተማርንበት የመልመጃ ጽሑፍ ላይ የነበረ፣ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲገለበጥ ባሕርና አህጉር ተሻግሮ እኛ ደጋ ድረስ የደረሰ ቁጥር ነው። በአምስተርዳም የተፈጠረ ሐሰት በአምሳ ሦስት ዓመቱ በሰሜን ሸዋ አንዲት የገበሬ ልጅ ላይ ዐረፈ፤ እዚያ ድረስ የተሸከመውም የእኔ እጅ ነው።

የአምስተርዳሙ በር የተከፈተውም በራሱ አልነበረም። አሊስ ሚሊያ የምትባል በቀዘፋ ስፖርት የተካነች ፈረንሳዊት ነበረች። የኦሊምፒክ ኮሚቴ ሴቶችን በአትሌቲክስ አላስገባም ባለ ጊዜ እርሷ በ1921 ዓለም አቀፍ የሴቶች ስፖርት ፌዴሬሽን አቋቁማ፣ በማግስቱ ዓመት በፓሪስ የሴቶች ኦሊምፒክ አዘጋጀች። ውድድሩ አንድ ቀን ብቻ ቢፈጅም ሃያ ሺህ ያህል ተመልካች ገባበት። ኮሚቴው የደነገጠው ስሙ ስለተነካበት ነው፤ «ኦሊምፒክ» የሚለውን ቃል ተዉልን፣ እኛም ጥቂት ውድድር እንሰጣችኋለን ዓይነት ስምምነት ተደረሰ። የሴቶቹ ጨዋታ «የሴቶች ዓለም አቀፍ ውድድር» ተብሎ በጎተቦርግ፣ በፕራግና በለንደን ቀጠለ። እንግሊዛውያቱ ሴቶች የተሰጠው አምስት ውድድር አነሰን ብለው ከአምስተርዳም ቀሩ። ጥቂት ሲሰጥህ ተቀብለህ ሌላውን ጠይቅ የሚል አለ፤ ጥቂቱን ከተቀበልክ ሌላውን አታገኝም የሚልም አለ። በየትግሉ ውስጥ ይህ ክርክር አይጠፋም። እኔ ለሁለቱም ወገን አዝናለሁ፤ የተቀበሉትም ቢሆኑ የተቀበሉትን ተነጥቀዋልና።

ስምንት መቶው የተመለሰው በ1960 በሮም ነው። ሮም ስንል እኛ ኢትዮጵያውያን የምናውቀው አንድ ነገር ነው፦ አበበ ቢቂላ፣ ባዶ እግር፣ የችቦ ብርሃን፣ የቆንስጣንጢኖስ ቅስት። እኔም ለተማሪዎቼ ስለ ሮም ያላወራሁበት ዓመት የለም። ነገር ግን አበበ ከመሮጡ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ፣ በዚያችው ከተማ፣ ሉድሚላ ሸቭትሶቫ የምትባል የሶቪየት ኅብረት ሯጭ ለሠላሳ ሁለት ዓመት የተዘጋውን ርቀት በ2 ደቂቃ ከ4.3 ሰከንድ ጨርሳ እንደነበር አላውቅም ነበር። ከራድከ በዐሥራ ሁለት ሰከንድ ተኩል የፈጠነ ነው። ማንም አልሞተም። አንዱን የሮም ድል በቃላችን ይዘን ሌላውን አለማወቃችን ክፋት አይደለም፤ ያን ቀን በሜዳው የነበረውን ዓይን ግን ያስታውሰኛል።

ከዚያ በኋላ ርቀቱ በየጥቂቱ፣ እንደ ስስታም ቤት እንጀራ፣ ተቆርሶ ተሰጠ። አንድ ሺህ አምስት መቶ በ1972፤ ሦስት ሺህና ማራቶን በ1984፤ ዐሥር ሺህ በ1988፤ አምስት ሺህ በ1996፤ መሰናክልና ውኃ ያለበት ሦስት ሺህ ሜትር ደግሞ በ2008። እያንዳንዱ ቁራሽ ተለምኖና ተታግሎ የተገኘ ነው። በ1966 ቦቢ ጊብ የምትባል አሜሪካዊት ለቦስተን ማራቶን ለመመዝገብ ደብዳቤ ብትጽፍ፣ ሴት ያን ያህል ለመሮጥ ተፈጥሮዋ አይፈቅድላትም የሚል መልስ ደረሳት። እርሷም በመነሻው አጠገብ ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቃ ቆይታ ወንዶቹ ሲነሡ ገብታ ጨረሰች። በዓመቱ ካትሪን ስዊትዘር ስሟን በመጀመሪያ ፊደላት ብቻ አስመዝግባ 261 ቁጥር ለጥፋ ስትሮጥ፣ ከአዘጋጆቹ አንዱ ከመኪና ወርዶ ቁጥሩን ከላይዋ ሊገነጥል ታገላት። ፎቶግራፉ ዓለምን ዞሯል። በዚያው ዘመን፣ በ1966 በቡዳፔስት የአውሮፓ ሻምፒዮና ላይ፣ ሴቶቹ ሴት መሆናቸው እንዲረጋገጥ በሐኪሞች ፊት ራቁታቸውን እንዲያልፉ ተደርገዋል። ፈጥና ከሮጠች ሴት አይደለችም፤ ከወደቀች ደግሞ ሴት ስለሆነች ነው። ከዚህ ሕግ በየት በኩል ይወጣል?

ከሁሉ አብልጬ የምወደው ግን የኒው ዮርኩን ነው። በ1972 በኒው ዮርክ ማራቶን ለሴቶች እንዲሮጡ ከተፈቀደ በኋላ፣ ከወንዶቹ ዐሥር ደቂቃ ቀድመው ብቻቸውን እንዲነሡ ታዘዘ፤ አብረው ቢነሡ ውድድሩ ውድድር አይሆንም ተባለ። ለእነርሱ የመነሻው ጥይት ሲተኮስ ስድስቱ ሴቶች መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ተቃውሟቸውን የሚገልጽ ጽሑፍ ይዘው ዐሥሯን ደቂቃ ሙሉ ተቀመጡ። የወንዶቹ ጥይት ሲጮኽ ተነሥተው አብረው ሮጡ። ሯጭ መቀመጥን መሣሪያ ሲያደርግ ያየሁት በዚህ ብቻ ነው። እኔ ያን ጊዜ በቦታው ብኖር የቱ ጋ እንደምቆም አውቃለሁ፤ ሰዓት ይዤ ከአዘጋጆቹ ጋር ነበርኩ።

ወደ አገሬ ልመለስ። ሴቶች በኦሊምፒክ ማራቶን ለመጀመሪያ ጊዜ በሮጡበት በ1984፣ ዐሥር ሺህ ሜትርም በተጀመረበት በ1988 ኢትዮጵያ በውድድሩ አልተካፈለችም። ስለዚህ በሩ ሲከፈት እኛ ደጁ ላይ አልነበርንም። በ1992 የባርሴሎና ኦሊምፒክ የዐሥር ሺህ ሜትር ፍጻሜ የተካሄደው እኛ ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. በምንለው ምሽት ነው። ያን ጊዜ ሌላ ከተማ ተዛውሬ ነበር፤ በአንድ ሻይ ቤት ከአርባ የማያንስ ሰው በአንዲት ትንሽ ቴሌቪዥን ፊት ታጭቀን አየን። ከአርሲ በቆጂ የተገኘችው የሃያ ዓመቷ ደራርቱ ቱሉ ከደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ሜየር ኋላ ኋላ እየተከተለች ብዙ ዙር ሄደች፤ በመጨረሻው ዙር ደወል ጥላት በረረች። 31 ደቂቃ ከ6.02 ሰከንድ። ሻይ ቤቱ በጩኸት ሲናወጥ እኔ በልቤ ሒሳብ እሠራ ነበር፦ እኔ ለሴት ተፈጥሮ አይስማማም ብዬ ከፈረምኩበት ርቀት ዐሥራ ሁለት ጊዜ ተኩል። ጨርሳም አልተቀመጠችም፤ ቆማ ሜየርን ጠበቀቻት፤ ጥቁርና ነጭ አፍሪካውያት ተቃቅፈው ሜዳውን ዞሩ። ከሰሐራ በታች ያለች ጥቁር አፍሪካዊት የኦሊምፒክ ወርቅ ስታገኝ ያ የመጀመሪያው ነበር። በአራተኛው ዓመት በአትላንታ ፋጡማ ሮባ ማራቶኑን ከሁለተኛዋ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ቀድማ ጨረሰች፤ ከዚያም ስዊትዘር በታገለችበት በቦስተን ጎዳና ሦስት ዓመት ተከታትላ አሸነፈች።

በበቆጂ ስንታየሁ እሸቱ የሚባሉ መምህር አሉ። ደራርቱን፣ በኋላም ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን በለጋ ዕድሜያቸው ያሠለጠኑ ናቸው። ሙያቸው የእኔው ሙያ ነው፤ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበሩ። ሜዳው ደጋ፣ ልጆቹም የገበሬ ልጆች ናቸው፤ ውኃ የሚቀዱ፣ እንጨት የሚለቅሙ፣ ሩቅ የሚጓዙ። ስለ እርሳቸው በሰማሁ ቁጥር ቅናት አይሉት ኀፍረት የሚመስል ነገር ይሰማኛል። በሁለታችን መካከል የነበረው ልዩነት የዕውቀት አይመስለኝም፤ ሁለታችንም ሴት ልጅ ስትወድቅ አይተን ይሆናል፤ እርሳቸው ስትነሣም ያዩ ይመስለኛል።

ደራርቱ በ2009 በሠላሳ ሰባት ዓመቷ፣ ሁለት ልጆች ወልዳ ካሳደገች በኋላ፣ የኒው ዮርክን ማራቶን አሸነፈች። ስድስቱ ሴቶች የተቀመጡባት ከተማ ማለት ነው። በ2018 ደግሞ የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽንን የመምራት ኀላፊነት ተረከበች። በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ ለሴቶችና ለወንዶች የተመደበው የተወዳዳሪ ቁጥር እኩል ሆነ፤ ኦሊምፒኩን በመዝጊያው ቀን የሚያሳርገውም እንደ ልማዱ የወንዶች ሳይሆን የሴቶች ማራቶን ነበር። በአዳማ የተወለደችው፣ ለኔዘርላንድስ የምትሮጠው ሲፋን ሐሰን የእኛን ትዕግሥት አሰፋን በሦስት ሰከንድ ብቻ ቀደመቻት። በመክፈቻው ምሽትም ከሴን ወንዝ ዳር ከተነሡት የፈረንሳይ ሴቶች ሐውልቶች አንዱ የአሊስ ሚሊያ ነበር። ሁሉም ተስተካከለ ለማለት ግን ምላሴ አይታዘዝልኝም። በየክልሉ ውድድር ስገኝ ሯጮቹን አያለሁ፤ ከሯጮቹ ጎን የቆሙትን አሠልጣኞችም እቆጥራለሁ፤ ፊሽካና ሰዓት በአንገቷ ያንጠለጠለች ሴት ለማግኘት ብዙ መቁጠር ያስፈልጋል። ልጃገረዲቷም ዛሬም ከልምምድ በፊት ውኃ ቀድታ ትመጣለች፤ ወንድሟ ቀድሟት ደርሶ እያሟሟቀ ይጠብቃታል።

በ2009 ዓ.ም. የዚያ ትምህርት ቤት የቀድሞ ርእሰ መምህር ዐርፈው ለለቅሶ ወደዚያች ከተማ ሄድኩ። ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሳለ አንዲት ጠና ያለች ሴት፣ የንፍሮ ሰፌድ ይዛ ስታዞር፣ ከፊቴ ቆመች።

«ጋሼ፣ አላወቁኝም?» አለች።

አላወቅኳትም። ስሟን ስትነግረኝ ግን ሻሿን ስትፈልግ ታየችኝ። ሰፌዱን ለሌላ ሰው አቀብላ አጠገቤ ተቀመጠች። ስምንተኛን ጨርሳ ለባል እንደተሰጠች፣ አራት እንደወለደች፣ የልጅ ልጅም እንዳየች አጫወተችኝ። አንዲቱ የልጅ ልጇ በትምህርት ቤት ሩጫ ትሮጣለች። እኔ ስለ ቃለ ጉባኤው ልነግራት፣ ይቅርታም ልጠይቃት አሰብኩ፤ በለቅሶ ቤት እንዴት ብዬ እንደምጀምር ስቸገር እርሷ ቀደመችኝ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ልጅቷ ትጨቀጭቀኛለች፤ እኔም ሮጬ ነበር ብላት አላምንሽም ትለኛለች። ያን ቀን በስንት ደቂቃ ነው የገባሁት? ሰዓቱን የያዙት እርስዎ ነበሩ።»

ሰዓቱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ከአውራጃው በውሰት የመጣ አንድ ሰዓት ነበር፤ ክሩ ሲበጠስ በአውራ ጣቴ ተጭኜዋለሁ። ስትወድቅ ግን ቁጥሩን ሳላነብ ለወንዶቹ ሩጫ እንዲዘጋጅ ወደ ዜሮ መለስኩት። በመዝገቡም ላይ በሴቶቹ ስም አንጻር የነበረው ዓምድ ደረጃ የሚል ብቻ ነበር፤ የሰዓት ዓምድ ያሰመርኩት ለወንዶቹ ነው።

«አልተጻፈም» አልኳት።

ጥቂት ዝም አለች። ነጠላዋን በትከሻዋ ላይ አስተካከለች።

«የወንዶቹስ?»

«የወንዶቹ ተጽፏል።»

«እህ» አለችና ሰፌዷን ልትቀበል ተነሣች።